ምዕራፍ 5፦ አየር ያጠረው እሳት

ሆሳዕና እንደ ሙገር ወይም እንደ ድሬዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ የላትም። ዱራሜ፣ ሾኔ፣ ሺንሺቾና ዶዮገናም ረጅም የጭስ ማውጫ የተተከለባቸው ከተሞች አይደሉም። ስለዚህ የአየር ብክለት ሲነሣ በሐዲያና በከምባታ የሚኖር ሰው ነገሩን የአዲስ አበባ ጣጣ አድርጎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ በእንሰትና በባሕር ዛፍ የተከበበች ደጋ ከተማ አየሯ ቢቆሽሽ በአቧራ ነው እንጂ በሌላ በምን ይቆሽሻል?

መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ሳንባ ገብቶ ለዓመታት የሚጎዳውን መርዝ ለመሥራት ፋብሪካ አያስፈልግም፤ አየር ያጠረው እሳት ይበቃል። እንዲህ ያለው እሳት ደግሞ በየማድቤቱ፣ በየሞተሩና በየቆሻሻ ክምሩ ሥር አለ። ይህ ምዕራፍ የሚከታተለው ያን መርዝ ነው፦ ከየት እንደሚወለድ፣ በምን ተጭኖ እንደሚመጣ፣ ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራና በምን እንደሚቀንስ።

የማለዳው ጭስ

በበጋ፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር መሬት ቶሎ ይቀዘቅዛል። መሬት የነካው አየርም ቀዝቅዞ ይከብድና ከታች ይተኛል፤ ከላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር ደግሞ መውጫ ይነሣዋል። ጎህ ሲቀድ ከየቤቱ የሚወጣው የምድጃ ጭስ ከጣሪያ በላይ ጥቂት ከፍ ይልና ወደ ጎን ይነጠፋል። ከዚያም ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው ድረስ እስከ ሁለትና ሦስት ሰዓት አይንቀሳቀስም። ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት፣ ባጃጆች ወደ መናኸሪያ የሚጎርፉት፣ የየሻይ ቤቱ ከሰል የሚቀጣጠለው በዚሁ ሰዓት ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ያጥበዋል፣ ነፋሱ ይበትነዋል፤ በበጋ ማለዳ ግን ከተማው ሁሉ የሌሊቱን ጭስ ከጠዋቱ ጋር ደርቦ ይተነፍሳል።

በጭሱ ውስጥ ያለው ብናኝ መጠኑ አንድ ዓይነት አይደለም። ባለሙያዎች ስፋቱ ከ10 ማይክሮሜትር የማይበልጠውን ፒኤም 10፣ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠውን ፒኤም 2.5 ይሉታል። አንድ ሚሊሜትር ለ400 ቢከፈል አንዱ ክፋይ 2.5 ማይክሮሜትር ይሆናል። መኪና ሲያልፍ ዐይናችንን የሚያስጨፍነን የመንገድ አቧራ በአብዛኛው ከዚህ የገዘፈ ነው፤ አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል፣ በንፍጥና በአክታ ይወጣል። ከእሳት የሚወለደው ጥቀርሻ ግን ሲፈጠር ከአንድ ማይክሮሜትር ያንሳል። አፍንጫ አይዘው፣ ጉሮሮ አያስቀረው፤ ኦክስጅን ወደ ደም እስከሚሻገርባቸው ትንንሽ የሳንባ ከረጢቶች ድረስ ይወርዳል።

ደቃቅነቱ የነገሩ ግማሽ ነው። ብናኙን አህያ ብንለው መርዙ ጭነቱ ነው። በሚዛን እኩል ከሆኑ ሁለት ብናኞች አንዱ የአፈር ማዕድን ብቻ፣ ሌላው ካንሰር የሚያመጣ ንጥረ ነገር ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። አየሩ ውስጥ ስንት ብናኝ አለ ብሎ የጠየቀ ሰው ምን ተሸክሟል ብሎ ካልጠየቀ ግማሹን ብቻ ነው የጠየቀው።

መርዙ እንዴት ይወለዳል

እንጨት ሲነድ በመጀመሪያ የሚነደው እንጨቱ ራሱ አይደለም። ሙቀቱ ከእንጨቱ ውስጥ ጋዝ ያወጣል፤ ነበልባል ሆኖ የምናየው ያ ጋዝ ሲቃጠል ነው። ሙቀቱና ኦክስጅኑ በቂ ከሆነ ካርቦኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሃይድሮጅኑ ውኃ ሆኖ ያልቃል። ከሁለቱ አንዱ ሲጓደል ግን ጋዙ ተቃጥሎ ሳያልቅ ይሰባበራል፤ የተሰባበረው ካርቦን እርስ በርሱ ይያያዝና ስድስት ስድስት አተም ያላቸው ቀለበቶች ይሠራል። ቀለበቶቹ ጎን ለጎን ሲጣበቁ ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን፣ ባጭሩ ፒኤኤች፣ የሚባሉት ውሕዶች ይወለዳሉ። ሁለትና ሦስት ቀለበት ያላቸው ቀላሎቹ ጋዝ ሆነው ይበተናሉ። አምስትና ስድስት ቀለበት ያላቸው ከባዶቹ ግን ጭሱ እንደቀዘቀዘ ጥቀርሻው ላይ ይለጠፋሉ። በእጅጉ የተጠናው ባለ አምስት ቀለበቱ ቤንዞ-ኤ-ፓይሪን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለዚህ ውሕድ ያስቀመጠው የዓመት አማካይ ዒላማ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ናኖግራም፣ ማለትም የአንድ ግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው።

ከዚህ አንጻር የሐዲያና የከምባታ ደጋ ሁለት ነገር ያከብድበታል። አንደኛው ከፍታው ነው። በ2,200 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ምድጃውም ሞተሩም በአንድ ሊትር አየር የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ሁለተኛው እርጥብ ማገዶ ነው። ትናንት የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ከክብደቱ ብዙው ውኃ ነው፤ እሳቱ ሙቀቱን ውኃውን በማትነን ይጨርስና ነበልባሉ ይዳከማል። ዐይን የሚያስለቅሰው ነጭ ጭስ ሳይቃጠል ያመለጠው ጋዝ ነው።

ጥቀርሻ ካንሰር እንደሚያመጣ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1775 እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በልጅነታቸው የለንደንን ጭስ ማውጫዎች ይጠርጉ የነበሩ ሰዎች በሚበዛባቸው የቆለጥ ከረጢት ቆዳ ካንሰር ላይ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1915 ጃፓናውያኑ ያማጊዋና ኢቺካዋ የጥንቸል ጆሮ ላይ የድንጋይ ከሰል ሬንጅ ደጋግመው እየቀቡ ካንሰር አበቀሉ። እ.ኤ.አ. በ1933 ደግሞ በለንደን የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከዚያ ሬንጅ ውስጥ ቤንዞ-ኤ-ፓይሪንን ለይተው አወጡ።

ማድቤት

በሣር ክዳን ቤት ውስጥ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያየ ሰው ማገሩና ወራጁ በጥቁር ቅባት ተለብጦ ሲያብለጨልጭ፣ ከክዳኑም ጥቀርሻው ሲንጠለጠል ያያል። ባለቤቶቹ አይጠሉትም፤ ጭሱ ምስጥና ነቀዝ ያርቃል፣ ክዳኑን ያቆያል። ሆኖም ያ የሚያብለጨልጭ ልባጭ ከነፒኤኤቹ የቀዘቀዘ የጭስ ሬንጅ ነው። ጣሪያው ላይ የተለጠፈው በዓመታት ውስጥ ከወጣው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የቀረው ወደ ደጅና ወደ ሳንባ ሄዷል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከአሥር የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ከዘጠኝ የማያንሱት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰለው ያበስላሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ቡታጅራ ዙሪያ ፕሮፌሰር አበራ ቁሜና ባልደረቦቻቸው በገጠር ቤቶች ውስጥ የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን መጠን ለክተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ውጤታቸው አማካዩ በሜትር ኩብ 97 ማይክሮግራም ሆኖ ተገኘ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በጊዜው ለአንድ ዓመት አማካይ ካስቀመጠው 40 ከእጥፍ ይበልጣል። አሁን ወሰኑ ወደ 10 ወርዷል።

ከተማ ውስጥስ? እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ የተጨናነቁ ሠፈሮች በ59 ቤቶች ውስጥ የ24 ሰዓት ፒኤም 2.5ን ለክቷል። በብዛት እንጨትና ከሰል በሚጠቀሙት ቤቶች አማካዩ 1,134 ማይክሮግራም ነበር፤ ነጭ ጋዝ በሚያነዱት 637፣ በኤሌክትሪክና በመሳሰለው ንጹሕ ኃይል በሚያበስሉት 335። የዓለም ጤና ድርጅት ለ24 ሰዓት የሚመክረው 15 ነው። ከሦስቱ ቁጥሮች ልብ የሚባለው የመጨረሻው ነው። በንጹሕ ኃይል በሚያበስሉት ቤቶች ብናኙ እንጨትና ከሰል ከሚያነዱት ከሁለት ሦስተኛ በላይ ያንሳል፤ ቢሆንም ከሚመከረው ከ20 እጥፍ በላይ ነው። ቤት ለቤት በተጠጋበት ሠፈር የጎረቤት ጭስ በር አያንኳኳም፤ በዚያ ላይ የቡናው ከሰልና ዕጣኑ አለ።

ከሰል ጭስ ስለሌለው ንጹሕ ይመስላል። ፍም ከሆነ በኋላ በእርግጥ ጥቀርሻው ጥቂት ነው፤ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ያወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ የተኛ ሰው ሳይነቃ የሚቀረው በዚህ ነው። በፒኤኤች በኩል ክፉው ሰዓት ማቀጣጠያው ነው። በየመንገዱ ዳር ቡና የሚያፈሉ፣ በቆሎ የሚጠብሱ ሰዎች ከሰሉን እንዴት እንደሚያያይዙት ቆም ብሎ ማየት ይበቃል። አንድ ፌስታል ይጠቀለላል፣ ከከሰሉ ሥር ይሸጎጣል፣ ክብሪት ይጫርበታል፤ ላስቲኩ እየቀለጠ ይንጠባጠባል፤ ጥቁር፣ ወፍራም ጭስ ለጥቂት ደቂቃ ይወጣል፤ ከዚያ ማራገቢያው ይቀጥላል። የሚያራግበው ሰው ፊት ከምድጃው አንድ ክንድ አይርቅም። ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን ከነዳጅ የሚወጣ ነው፤ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ጥቀርሻና ፒኤኤች አብዝቶ ያመርታል። ክሎሪን ያለበት ፒቪሲ፣ ማለትም የውኃ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ልባስና አንዳንድ የላስቲክ ጫማ፣ ሲቃጠል ደግሞ ዳይኦክሲን ይጨመርበታል። ከገመድ ውስጥ መዳብ ለማውጣት ላስቲኩን ማቃጠል ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው፤ መዳቡ ራሱ ዳይኦክሲን እንዲፈጠር ያግዛል።

ጎዳና

ሆሳዕና በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 70 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበራት። ከዚያ ወዲህ ከደቡብ አፍሪካ የሚላከው ገንዘብ ፎቅ ሠርቷል፣ ባጃጅና አይሱዙ ገዝቷል፤ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ይህ ሁሉ ወደ አየሩ የሚገባውን ነገር ቀይሮታል።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተርን ጭስ ሰውን ለካንሰር እንደሚዳርግ በተረጋገጠው አንደኛ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። በየከተማው አገልግሎቱ የተራዘመ አይሱዙና ሲኖትራክ ዳገት ሲወጣ የሚያንቧርቀው ጥቁር ጭስ ነዳጁ ተቃጥሎ ላለማለቁ ምስክር ነው፤ ኢንጀክተሩ ያረጀ፣ የአየር ማጣሪያው በአቧራ የተደፈነ ሞተር አየር ያጠረው እሳት ነው። ባጃጁ በቤንዚን ቢሠራም ብዛቱና ወረፋ ሲጠብቅ ሞተሩን አለማጥፋቱ ድምሩን ያከብደዋል። የናፍጣ ወፍጮ ቤትና መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተርም ከሰው መስኮት በጥቂት ሜትር ርቀት የሚሠሩ ሞተሮች ናቸው። ከጭስ ማውጫው ውጭም መኪና ብናኝ ያወጣል፤ ፍሬን ሲያዝ ከሸራው መዳብና አንቲሞኒ፣ ከጎማው ዚንክ እየተፋቀ መንገድ ላይ ይቀራል።

አቧራውስ? በ1996 ዓ.ም. ጥርና የካቲት በአዲስ አበባና ዙሪያዋ በ12 ቦታዎች የአየር ናሙና ተሰብስቦ ነበር። ከፒኤም 10ው ክብደት ከ34 እስከ 66 በመቶ የሚሆነው የአፈር ብናኝ ሆኖ ተገኘ፤ ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ባልተነጠፉ መንገዶችና የመንገድ ዳርቻዎች ላይ ጣሉ። በከተማው ውስጥ ባሉት ቦታዎች ከ31 እስከ 60 በመቶው ከካርቦን የተሠራ፣ ይኸውም በአብዛኛው የእሳትና የሞተር ውጤት ነበር። መንገዱ ባልተነጠፈበት ሠፈር ዐይን የሚያየው የመጀመሪያውን ነው፤ የፒኤኤች ጭነት ያለው ግን ሁለተኛው ላይ ነው። አቧራውም ቢሆን ንጹሕ አፈር ብቻ ሆኖ አይቆይም። ጋራዥ አጠገብ የተቃጠለ ዘይት የጠጣ፣ ብየዳ ቤት ፊት የብረት ቅንጣት የተራገፈበት አፈር የጎማ ተራ ሲደርሰው ከነጭነቱ ይነሣል።

ያ ጥናት አንድ የምሥራችም ነበረው፤ በናሙናዎቹ ሁሉ የእርሳስ መጠን በሜትር ኩብ ከ0.1 ማይክሮግራም በታች ነበር። ኢትዮጵያ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ማከፋፈል ያቆመችው ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብላ ነው። የልጆችን የአእምሮ ዕድገት የሚጎዳው ብረት ከአየር ላይ የቀነሰው እናቶችን በመምከር ወይም ሾፌሮችን በመቅጣት አልነበረም። ነዳጁ ተቀየረ፣ አለቀ።

ሰውነት ውስጥ

ቤንዞ-ኤ-ፓይሪን ሰውነት ውስጥ ሲገባ በራሱ ብዙ አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ሰውነት ሊያስወግደው ሲሞክር ነው። ውሕዱ በውኃ ስለማይሟሟ በጉበትና በሳንባ ያሉ ኢንዛይሞች በሽንት እንዲወጣ ኦክስጅን ይጨምሩበታል። በዚህ ሥራ መካከል የሚፈጠረው አንዱ ቅርጽ ግን በጣም ንቁ ነው፤ ዲኤንኤ ላይ ይጣበቃል፣ ሕዋሱ ሲባዛ ጽሑፉ እንዲሳሳት ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ተመራማሪዎች ይህ ቅርጽ ካንሰርን በሚከላከለው ፒ53 በተባለው ጂን ላይ የሚጣበቅባቸው ነጥቦች በሳንባ ካንሰር ውስጥ ዘወትር ተበላሽተው የሚገኙት ነጥቦች ራሳቸው መሆናቸውን አሳዩ። ሲጋራም የሚገድለው በከፊል በዚሁ ውሕድ ነው፤ ሲጋራ አፏ ገብቶ የማያውቅ ሴት ከምድጃ ፊት የምትስበው የዚያኑ ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ያው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የደጅ አየር ብክለትንና በውስጡ ያለውን ብናኝ በአንደኛ ምድብ መዝግቧል።

ቢሆንም ካንሰር ብቻ አይቶ የሚፈራ ሰው ትልቁን ጉዳት ይስታል። ደቃቅ ብናኝ ሳንባን ያስቆጣል፤ ቁጣው በደም ውስጥ ይዛመታል፣ የደም ሥርን ያደድራል፣ ደም ቶሎ እንዲረጋ ያደርጋል። ብናኙ ላይ ያሉት ብረትና መዳብ ሕዋስ የሚያቆስሉ ንቁ የኦክስጅን ቅርጾችን እየፈጠሩ ቁጣውን ያባብሱታል። ስለዚህ በብክለት ከሚሞቱት ብዙዎቹ የሚሞቱት በልብ በሽታ፣ በስትሮክና ትንፋሽ በሚያሳጥር ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ነው። በሕፃናት ላይ የሚበረታው የሳንባ ምች ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የቤት ውስጥ ጭስ የምች አደጋን በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር ይገልጻል። በእርግዝና ጊዜ ሲሆን ሕፃኑ ከክብደት በታች ሆኖ እንዲወለድ ምክንያት ይሆናል። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 በአየር ብክለት የሞቱት 8.1 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ተገምቷል።

አደጋው ለሁሉም እኩል አይደለም። እንጀራና ቆጮ ጋግራ የምታድር ሴት፣ በጀርባዋ የታዘለው ሕፃን፣ ቀኑን ሙሉ በክፍት ባጃጅ ከአይሱዙ ኋላ የሚከተለው ወጣት፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ የሚቆመው ትራፊክ፣ ከሰል የምትቸረችረው እናት ከሌላው ሰው የበለጠ ይስባሉ። ጉልበት የሚሠራ ሰው ብዙ አየር ይስባል፤ ሕፃን ደግሞ ከክብደቱ አንጻር ከአዋቂ የበለጠ ይተነፍሳል።

የተሞከረና የሠራ

በደቡብ ምዕራብ ቻይና ሹዋንዌይ በተባለ ወረዳ ሲጋራ የማያጨሱ ሴቶች በሳንባ ካንሰር ይረግፉ ነበር። ምክንያቱ ጭስ ማውጫ በሌለው የቤት ውስጥ ምድጃ የሚነደው የሚያጨስ የድንጋይ ከሰል ሆነ። ብዙ ቤተሰቦች ጭስ ማውጫ ወዳለው ምድጃ ተሸጋገሩ። ከ21 ሺህ በላይ ገበሬዎችን እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1992 የተከታተለ ጥናት በኋላ እንዳሳየው ምድጃውን የቀየሩት በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በወንዶች 41፣ በሴቶች 46 በመቶ ቀንሶ ነበር። ማገዶው ከእኛ ይለያል፤ ውሕዶቹ ግን እነዚያው ናቸው።

ጭስ ማውጫ ግን ብቻውን ለከምባታ አይበቃም። በ1999ኙ ቆጠራ የከምባታ ጠምባሮ ዞን በካሬ ኪሎ ሜትር 500 ገደማ ሰው ነበረበት፤ ቤት ከቤት በተጠጋበት የአንዱ ጭስ ማውጫ የሌላው መስኮት ነው። ስለዚህ ቅድሚያው ጭሱን ማስወጣት ሳይሆን እንዳይፈጠር ማድረግ ነው። ማገዶን ፈልጦ፣ ከዝናብ ከልሎ፣ ለወራት ማድረቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ምርጥ ምድጃ እሳቱን ከልሎ ሙቀቱን ስለሚይዝ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ከሰልን በፌስታል ፈንታ በደረቅ ጭራሮ ማያያዝና ጭሱ እስኪያልፍ ደጅ ማቆየት ዛሬውኑ የሚቻል ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ በሥራ ላይ ከዋለ ጥቅሙ ለከብቱና ለቦዩ ብቻ ሳይሆን ለሳንባም ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል፤ ለሆሳዕና ግን ከአውቶሞቢል ይልቅ የባጃጁና የአይሱዙ ጉዳይ ይቀድማል።

ምክሩ ሁሉ ግን የሚደርስበት ወሰን አለው። ማገዶ የሚያደርቀው ለነገ የሚተርፍ ማገዶ ያለው ቤት ነው፤ የዕለቱን እየለቀመች የምታነድ እናት እርጥቡን የምታነደው መርዝነቱን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛውም ቤት መብራት በተደጋጋሚ ከጠፋበት ጉልቻውን አያፈርስም። ስለዚህ የማይቆራረጥ መብራት ማድረስ ከብርሃንና ከንግድ ሌላ የሕፃናት ምችን የመከላከል ሥራ ነው፤ በጀቱ ሲመደብም የጤና ቢሮ ድምፅ ሊኖረው ይገባል። ማዘጋጃ ቤቱም በየቀበሌው የሚነደውን የቆሻሻ ክምር አንሥቶ ወደ አንድ ቦታ ከወሰደ፣ የመናኸሪያውን መኪኖች ሲቆሙ ሞተር እንዲያጠፉ ካስገደደ፣ ሐኪም ቤት ገና ያልደረሱ ሰዎችን ማዳን ይጀምራል። እርሳስ ከቤንዚን የወጣው ሰው ሁሉ ስለ እርሳስ ተምሮ ስላለቀ አልነበረም፤ ከምንጩ ስለተቋረጠ ነው። የምድጃውና የሞተሩም መርዝ የሚቀንሰው በዚያው መንገድ ነው።